መቼ ጀመረው?

ማክሰኞ ማለዳ ሐመልማል ኪሩቤል ክንዷ ላይ ሁለት ጠራጊ ለጥፋ ከቤት ወጣች። አንዱ የራሷ ነበር። ከእሱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ የተለጠፈው የአባቷ ነው።

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰበብ ሆነላት፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ መዳፏ ጎትታ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ቀኑ ሰባት እህል የማይቀመስበት የጽዳት ሰዓት ነውና መኪናው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው የሚያወራ አልነበረም። ሰው ሁሉ ጉንጩ ውስጥ ቅርንፉድ ይዟል። ቢሆንም የባዶ ሆድ ትንፋሽ፣ ያ ሊበላሽ እንደተቃረበ ፍራፍሬ ያለ ሽታ፣ ከወንበር ወንበር ይዞራል። ዳቦ ቤቶቹ ለሰባት ሰዓት ለማድረስ እየጋገሩ ነው፤ የጢስ ማውጫቸው ግን በደንቡ መሠረት ወደ ጓሮ ዞሯል። መንገድ ላይ የሚያኝክ ሰው ከታየ፣ ዕድሜው ከአሥራ አራት በታች ካልሆነ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል።

ደንቡ ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠራጊው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ግራጫ ልጥፍ፣ በየማለዳው የሰውነት ሴሎች በውስጣቸው ያረጀውንና የተበላሸውን ራሳቸው እንዲበሉት ያዛል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል። በየሆስፒታሉ የነበሩት የመርሳት በሽታ ክፍሎች ከተዘጉ ቆይተዋል። ሽማግሌዎች የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሳይረሱ ይሞታሉ። ይህን የሚክድ የለም፤ የሐመልማል አባትም አይክድም።

«ግን ሞተር እንኳ ዘይት እየጠጣ ነው የሚሠራው» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ሜካኒክ ሆኖ ኖሯል።

ባለፈው ክረምት ማለዳ ማለዳ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐመልማል ከጽዳት ነፃ እንዲሆን አመለከተችለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «የአመልካቹ ውጤቶች በሙሉ መልካም ናቸው።» በታኅሣሥ አንድ ቀን ሰባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ጫማውን ማሰር ሲያቅተው አየችና ጠራጊውን ከክንዱ ላጠች። ያን ቀን ቂንጬ በላ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይበላል።

ሳይቀዘቅዝ ከክንድ ወደ ክንድ ከተዛወረ ጠራጊው ባለቤቱ መለወጡን አያውቅም። ሐመልማል ይህን የተማረችው ከሥራዋ ነው። በዚያው በብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ የጽዳት አረጋጋጭ ናት። በቀን ስምንት መቶ ጊዜ «ክንድዎን ያሳዩኝ» ትላለች። የራሱን ያልለጠፈ ወይም የሌላ ሰው ለጥፎ የተገኘ ሰው ወደ ሦስተኛ ተራ ይወርዳል። ሦስተኛ ተራ ማለት፣ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ሌላው ሁሉ ታክሞ ካለቀ በኋላ መታከም ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከያዘቻቸው ሰዎች አንዱ የግድግዳ ጎረቤታቸው ጋሽ ኢዮስያስ ነበሩ። ጠራጊያቸውን ፋብሪካው ውስጥ በምትሠራ ልጃቸው ክንድ ላይ አገኘችው፤ እሳቸውንም ቤታቸው ድረስ ሄዳ ክንዳቸውን አየች። ያኔ የዓይን ቀዶ ጥገና ይጠብቁ ነበር። ወደ ሦስተኛ ተራ ወረዱ፤ ተራው ሳይደርሳቸው ዓይናቸው ጠፋ። ባለቤታቸው እትዬ ቃልኪዳን ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ሐመልማልን ቃል ተናግረዋት አያውቁም።

ስለዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ስልኳ ጠርቶ የእትዬ ቃልኪዳንን ድምፅ ስትሰማ፣ ገና ምንም ሳይሏት ስለ አባቷ መሆኑን አወቀች።

«ነይ» አሉ። «አባትሽ ወድቀዋል። አይናገሩም።»

እጅጌያቸውን ጠቅልለው የተሰለፉትን ሠራተኞች እንደቆሙ ትታ ወጣች። ባጃጅ ይዛ ቤት ስትደርስ አራት ሰዓት ከሃያ አራት ነበር።

አባቷ በጠረጴዛውና በአልጋው መካከል ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። እትዬ ቃልኪዳን ራሱ ሥር ትራስ አድርገውለታል። የፊቱ ቀኝ ወገን ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ቀኝ እጁ የእሱ እንዳልሆነ ሁሉ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። ሲያያት አፉን ከፈተ። «ማ… ማ…» ከማለት በቀር ምንም አልወጣውም፤ መናገር እንዳቃተው እንደገባው ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር።

«አባዬ፣ መጥቻለሁ። አይዞህ፣ መጥቻለሁ።»

ተንበረከከች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። ሁለቱ ጠራጊዎች ወጡ። እትዬ ቃልኪዳን በሩ ሥር ቆመው እያዩ ነው። ሐመልማል ቀና ብላ ላለማየት እየታገለች የታችኛውን ላጠችና፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አባቷ ክንድ ላይ ለጠፈችው።

ጠራጊው ወዲያው ቀላ። ስልኳ በራሱ ተከፈተ።

«ከአንጎል ማዕከል ነው የምንደውለው። ዶክተር ኤልዳድ እባላለሁ» አለ የተረጋጋ የወንድ ድምፅ። «የአቶ ኪሩቤል ቤተሰብ ነዎት?»

«ልጁ ነኝ።»

«ይስሙኝ፣ እህቴ። ስትሮክ ነው። በግራ በኩል አንድ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል። ጠራጊው አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ደርሶበት ወደ ሙሉ ኃይሉ ወጥቷል። ገና መጀመሩ ስለሆነ ጥሩ ነው። የሚበሩት አምቡላንሶች በነፋሱ ምክንያት አልተነሡም፤ መኪና ልከናል፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል።»

ገና መጀመሩ ስለሆነ። ሥራ ስትጀምር የተሰጣትን ሥልጠና አልረሳችም፤ ሆኖም ሌላ መልስ ታገኝ ይመስል ጠየቀች።

«በሙሉ ኃይሉ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ሕመሙ ከጀመረበት አንሥቶ ለሦስት ሰዓት። እስከ ሰባት ከሃያ ስድስት።»

«ከሦስት ሰዓት ቢያልፍስ?»

«አያልፍም፤ በራሱ ዝቅ ይላል።»

«ቢያልፍስ፣ ዶክተር?»

«ደም ሲቋረጥ የደም ሥሩ ግድግዳ ሴሎች ይራባሉ፤ ጠራጊ ባይኖርም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ራሳቸውን መብላት ይጀምራሉ። ጠራጊው ያረጀውን እንዲበሉ እያደረገ ነፍስ ያቆይላቸዋል። ያረጀው ሲያልቅ ግን ደህናውን ይጀምራሉ። ግድግዳውን ያያያዘውን ስፌት ይበላሉ። ከዚያ የረጋውን ደም ስናወጣና ደሙ ሲመለስ ግድግዳው አይችለውም፤ ወደ አንጎል ይፈሳል። ለምን ጠየቁኝ?»

ሐመልማል ቤቱን አየች። ከአባቷ ክርን አጠገብ ምንጣፉ ላይ የሻይ እድፍ ነበር። በመዳፏ ነካችው። ደርቋል። እዚህ ከተማ ውስጥ የታጠበ መሀረብ እንኳ እስከ እኩለ ቀን አይደርቅም።

«ሰዓቱ ልክ አይደለም» አለች።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠራጊው…»

«ይቆዩ» ዶክተሩ አቋረጣት፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የምንነጋገረው ሁሉ ይቀዳል። መጀመሪያ ይህን ይወቁ፣ ከዚያ የሚሉትን ይበሉ።»

አባቷ በደህናው እጁ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ጎተተ። የሚለው ገባት፤ ተይ እያላት ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችና እጁን በእጇ ያዘችው።

«ሐመልማል ኪሩቤል እባላለሁ። የጽዳት አረጋጋጭ ነኝ፣ ቁጥሬ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ጠራጊው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኔ ክንድ ላይ ነበር። አራት ከሃያ ስድስት እኔ መልሼ የለጠፍኩበት ሰዓት ነው። ሲጀምረው ያየው የለም።»

በሩ ሥር እትዬ ቃልኪዳን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ደህና ሆነው መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«አንድ ሰዓት ላይ። ወድቆ የተገኘው አራት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው።»

«በመካከሉ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ አለ» አለ ዶክተሩ። አሁን የሚያነብ ሳይሆን የሚያስብ ሰው ድምፅ ነበር። «አንድ ሰዓት ላይ ጀምሯቸው ከሆነ ሦስት ሰዓቱ አልፏል፣ አሁኑኑ ዝቅ ማድረግ አለብኝ። አራት ሰዓት ላይ ከሆነ ግን ዝቅ ባደርገው ሴሎቹ በረሃብ ያልቃሉ። በግምት አልነካውም። ማዕከሉም አይፈቅድልኝም።»

«ልላጠው?»

«እንዳይነኩት! በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ሴሎቹ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ይሞታሉ። መቼ ጀመረው? እሱን ይፈልጉልኝ።»

ሐመልማል ተነሣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ አባቷ የሚያደርገውን ታውቃለች፤ ቂንጬውን ይበላል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ጢሙን ይላጫል። ጢሙ አልተላጨም። ሬዲዮው እየጮኸ ነው፤ እስካሁን አልሰማችውም ነበር፤ ዘጋችው። ሳህኑ ላይ ግማሽ ቂንጬ ቀርቷል፣ ደርቆ ቅቤው ነጭ ሆኗል። አንዱ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ሥር ተንከባሎ ተገኘ። ሌላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሻዩ ተጠጥቶ አልቋል።

ሁለት ብርጭቆ። ሁለት ማንኪያ።

ሐመልማል ለራሷ ሻይ አፍልታ አልወጣችም። አባቷ ደግሞ በጽዳት ሰዓት ቤቱ የሚያስገባው ሰው የለውም፤ በሩን ቆልፎ ነው የሚበላው። ለማን ይከፍታል? ዞረች።

እትዬ ቃልኪዳን ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ሐመልማል በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት የሰው ፊት አይታለች፤ አንድ ነገር የደበቀ ሰው ክንዱን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያየው።

«እትዬ ቃልኪዳን፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበሩ?»

«እኔ? አልነበርኩም። ሬዲዮው ሲጮህብኝ ነው የመጣሁት።»

«ብርጭቆው ሁለት ነው።»

«የትናንት ይሆናላ።»

«ትናንት ማታ ዕቃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ነበር። «እና ምን ልትይኝ ነው?» አሉ። «ክንድዎን ያሳዩኝ ልትይኝ ነው?»

ሐመልማል ስልኩን አየች። አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።

«አልልም» አለች ሐመልማል። «አላስገድድዎትም። ላስገድድዎት ብልም አልችልም፤ የራሴን ሰምተዋል፣ ከዛሬ ወዲያ አረጋጋጭ አይደለሁም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ሲለዩት ደህና ነበር?»

«አንቺ ባሌን ስትይዢው ይህን ጠይቀሽ ነበር? እባክሽ ተራዬ እስኪደርስ ብቻ፣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ ብሎ ሲለምንሽ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ምን አልሽው?»

«‹ደንብ ነው› አልኳቸው።»

«‹ደንብ ነው› አልሽው» አሉ እትዬ ቃልኪዳን። የሚቀጥሉ ይመስሉ ነበር። ያኔ ወለሉ ላይ ኪሩቤል አቃሰተ፤ ግራ እጁን ወደ እሳቸው አነሣ። ምን ማለቱ እንደሆነ ግልጽ አልነበረም፤ እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞ ወደቀ። ሴትየዋ እጁን አዩት። ከዚያ ሮጥ ብለው መጡና ከሐመልማል ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማዎታለሁ፣ እናቴ።»

«አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣሁ። በየቀኑ እመጣለሁ። አብረን ቂንጬ እንበላለን፤ እሱ ብቻውን አይበላም፣ እኔም ቤቴ መብላት አልችልም፣ ባሌ ሽታው ይደርሰዋል፣ ያስቸግረዋል።» ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ጠራጊዬ ባሌ ክንድ ላይ ነው። እሱን ከእንግዲህ ማንም አያረጋግጠውም፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ከመዝገብ አውጥተውታል።»

ሐመልማል ላለፉት ሁለት ዓመታት የእነሱን በር በየቀኑ አልፋለች።

«መቼ ለዩዋቸው?» አለ ዶክተሩ።

«ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ነው የወጣሁት። የባሌ ዜና የሚጀምረው በሁለት ሰዓት ነው፣ ልከፍትለት ሄድኩ። ስነሣ ኪሩቤል ብርጭቆውን ጣለው። ‹እጄ ደነዘዘብኝ› አለ። ሳቅሁበት። ‹ስለተደገፍክበት ነው› አልኩት። ብርጭቆውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል በሩን ዘጋሁት።» ኪሩቤልን አዩት። «ሳቅሁበት እኮ።»

«የትኛው እጃቸው?»

«ቀኙ። ሻዩን የያዘበት።»

«ለሁለት አሥር ጉዳይ» አለ ዶክተሩ፤ የሚጽፍበት ድምፅ ተሰማ። «ሦስት ሰዓቱ የሚሞላው ለአምስት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። አሁን አራት ከአርባ ሦስት ነው። ሰባት ደቂቃ አለን። እናቴ፣ ሰዓቱን ለመለወጥ ማዕከሉ ያየ ሰው ምስክርነት ይፈልጋል። ስምዎን፣ የመታወቂያ ቁጥርዎንና አሁን ያሉትን ደግመው ይንገሩኝ። የጠራጊዎን ነገርም ጭምር። ከፊሉን ብቻ ከነገሩኝ አይቀበለውም።»

እትዬ ቃልኪዳን ሐመልማልን አዩአት። ሐመልማል ይናገሩ ብላ ለመጠየቅ መብት አልነበራትም። አባቷን እያየች ጠበቀች። ግንባሩ ላይ ያበጠ ሥር ይመታ ነበር፤ የምትቆጥረው እሱን ነበር። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት።

«ቃልኪዳን ታደለ» አሉ ሴትየዋ። ቁጥራቸውን ሲናገሩ ተሳሳቱ፤ እንደገና ጀመሩ፤ ሁለተኛው ላይ አገኙት። ሁሉንም ደገሙት። ቂንጬውንም፣ ባላቸውን ክንድም፣ የሳቁትን ሳቅ ሳይቀር ደገሙት።

አራት ሰዓት ከአርባ ስምንት ላይ ኪሩቤል ክንድ ላይ ያለው ቀይ ወደ ቢጫ ተለወጠ።

«ቀስ እያልኩ ነው የማወርደው» አለ ዶክተሩ። «ከእንግዲህ መጠበቅ ነው።»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ። እትዬ ቃልኪዳን አንድ ጊዜ ተነሥተው ብርድ ልብስ አመጡና ከኪሩቤል እግር ጀምረው ሸፈኑት፤ ሐመልማል ሌላውን ጫፍ ሳበችላቸው። መኪናው ሲመጣ ባለሙያዎቹ በሽተኛውን ከማንሣታቸው በፊት የሦስቱንም ክንድ አነበቡ።

ሆስፒታል ሲደርሱ የረጋው ደም ወጣ፤ ደሙ ተመለሰ። ከዚያ የደም ሥሩ ግድግዳ ይችል አይችል እንደሆነ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ነበረባቸው። ቻለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የስንዴ ፍሬ የምታህል ደም ፈስሳ ተገኘች። ያከመችው ሐኪም የግድግዳውን ምስል ለሐመልማል እያሳየቻት «ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ይህን አናወራም ነበር» አለቻት። ቀኝ እጁ እንደቀድሞው እንደማይሠራም ያኔ ነገረቻት።

ሐመልማል በሦስተኛው ቀን ከሥራ ወጣች። አባቷ፣ እሷና እትዬ ቃልኪዳን ሦስተኛ ተራ ገቡ። ይህን የሚያስታውቁት ደብዳቤዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው እጅ መጡ።

ኪሩቤል በአምስተኛው ቀን ተናገረ። ከሆስፒታል ወደ ቤት በመለሱት ማግሥት ሐመልማል የጎረቤቶቻቸው በር ላይ ቆማ አንኳኳች። እትዬ ቃልኪዳን እንደሌሉ አውቃ ነው የሄደችው።

«ግቢ፣ ክፍት ነው።»

ጋሽ ኢዮስያስ በመስኮቱ በኩል በገባችው ፀሐይ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን አላዞሩም። «ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ኢዮስያስ።»

«አወቅሁሽ» አሉ። «ድምፅሽን አልረሳም።»

መንገዱን ሙሉ፣ ከራሷ በር እስከ እሳቸው በር ያለችውን ስምንት እርምጃ፣ የምትለውን ስትደጋግመው ነበር የመጣችው።

«አባትሽ ተናገረ አሉኝ።»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ምን አለ?»

«‹ማን ነገረብን?› አለኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ያኔ ቃልኪዳንን የጠየቅኋት እሱኑ ነበር። አንቺስ ምን አልሽው?»

«‹እኔ ነኝ› አልኩት።» አንድ እርምጃ ቀረበች። «የእርስዎንም የነገርኩት እኔ ነኝ። መጥቼ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ዓመት በዚህ በር አልፌ…»

«አውቃለሁ። እርምጃሽን እሰማው ነበር። እዚህ ጋ ስትደርሺ ትፈጥኚያለሽ።»

ሐመልማል እንደቆመች ቀረች። ውጭ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንኳኳል። ጋሽ ኢዮስያስ ይቅር ብዬሻለሁ አላሏትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ፊታቸውን ከፀሐይዋ ሳያዞሩ በመዳፋቸው አግዳሚ ወንበሩን ዳበሱ፣ እስከ ጫፉ ፈቀቅ አሉ።

«በሩን ዝጊው፣ ብርድ እየገባ ነው» አሉ። «ከዚያ ቁጭ በይና እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ። ቃልኪዳን መጀመሪያውን ነግራኛለች፤ መኪናው ከመጣ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

በሩን ዘጋች። ተቀመጠችና ነገረቻቸው።